ሰማያዊ ሄልሜት በቀዩ መንገድ

ከፍዬ ነው የመጣሁት። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ከዚያን ቀን ወዲህ በማልታ ዋና ከተማ በቫሌታ አፍ ያለው ሁሉ «የቺኩ ልጅ ወንድ ስታሳድድ ዋለች» እያለ ስላማኝ ነው። ማንንም አላሳደድኩም። እንደማንኛውም ቱሪስት ቆመው በሚነዱት ባለ ሁለት ጎማ ማሽን፣ በሴግዌይ፣ ለአንድ ሰዓት ጉብኝት ከፍዬ፣ በሰዓቱ ደርሼ፣ ተራዬን ጠብቄ ቆምኩ። አስጎብኚው ዌንዙ መሆኑን አላውቅም ነበር ብል ግን እዋሻለሁ።

ጀርባውን ሰጥቶኝ ማሽኖቹን በሱቁ በር ላይ ያሰልፍ ነበር። ሲዞር አየኝ። ዓይኑ ፊቴ ላይ አረፈና እሳት እንደነካው ሰው ወዲያው አነሳው። ከዚያ ለእኔ የነፈገኝን ፈገግታ ለሌሎቹ ደንበኞች አደለ። ሌሎቹ ረጃጅም ሆላንዳውያን ባልና ሚስት፣ እንዲሁም ከሜልቦርን መጣሁ ያሉ ሰፊ ባርኔጣ ያደረጉ አንዲት አሮጊት ነበሩ። አሮጊቷ በእንግሊዝኛ «ደህና አደራችሁ» ካሉ በኋላ ሌላ ቃል አልተነፈሱም።

ዌንዙ ጠጋ ብሎ በማልታ ቋንቋ፣ ጥርሱን ነክሶ አናገረኝ።

«ምን ልታደርጊ መጣሽ?»

«ከተማ ልጎበኝ።»

«የተወለድሽበትን ከተማ?»

«አስጎብኚው ጎበዝ ነው ሲሉ ሰምቼ ነዋ።»

«ግራዚየላ፣ በንግሥ ሳምንት አትቀልጂብኝ። ሂጂ ወደ ቤትሽ።»

«ከፍያለሁ። ደረሰኝ ላሳይህ?»

አንድ ሄልሜት አነሳ፤ ግን አልሰጠኝም። «ሌላ ቀለም የለንም» አለ፤ ድምፁ ለአፍታ ለሰለሰ። «ሁሉም ሰማያዊ ነው።»

«አምጣው» ብዬ እጄን ዘረጋሁ።

ለሌላ ሰው ይሄ ተራ ነገር ነው። በእኛ ደብር ግን አንድ ቅዱስና ሁለት የሙዚቃ ክበብ አለ፤ ቀዮቹና ሰማያዊዎቹ። ሁለቱም ያንኑ ቅዱስ ያነግሣሉ፣ ሁለቱም ለዚያው ቅዱስ ይነፋሉ፣ ሁለቱም የዚያኛው ወገን ጸሎት ከጣሪያ አያልፍም ብለው ያምናሉ። አያቶቻችን በምን እንደተጣሉ የሚያስታውስ የለም፤ መጣላታቸውን የረሳም የለም። አባቴ ቺኩ የቀዮቹ ሊቀመንበር ነው። የጥርስ ብሩሽ እንኳ ሲገዛ ቀለሙን አይቶ ነው። እኔ የቀዮቹ አንደኛ ክላርኔት ነፊ ነኝ። ዌንዙ በሰማያዊዎቹ ባንድ ትራምፔት ይነፋል። ሁለት ዓመት ተዋደድን፤ ሁሉም ሰው በሚተዋወቅባት ደሴት ላይ የማንታይበት ጥግ ስንፈልግ ሁለት ዓመት አለቀ።

አንድ ልማድ አለን። የዚያኛው ወገን ባንድ በቤትህ ሥር ሲያልፍ የሰገነትህን መስኮት በላዩ ላይ ትዘጋለህ፤ ድው አድርገህ፣ እንዲሰማ። ከዚህ የባሰ ስድብ አናውቅም። እኔ ግን ከዌንዙ ጋር ከተዋደድን ጀምሮ መስኮቴን ገርበብ አድርጌ እተወው ነበር። እሱ ከታች ቀና ብሎ እየነፋ ያልፋል፤ እኔ ከመጋረጃው ኋላ ቆሜ አየዋለሁ። ብዙ ሴቶች ደብዳቤ ይጻፍላቸዋል፤ ለእኔ ያቺ ክፍተት ከደብዳቤ ትበልጥብኝ ነበር። ከጉብኝቱ በፊት በነበረው ቅዳሜ ታዲያ የሰማያዊዎቹ ባንድ ከቤታችን ሥር ሲደርስ መስኮቴ ድው ብሎ ተዘጋ።

ማታውን ዌንዙ አንዲት ቃል ላከልኝ። «ገባኝ።» ከዚያ ወዲያ ስልኩን አላነሳም፤ የጻፍኩለትንም ከፍቶ አላየውም። ከጉብኝቱ አንድ ቀን ቀደም ብሎ ደግሞ የሚሠራበት ድርጅት ጎዞ ደሴት ላይ ቅርንጫፍ እንደከፈተና እሱም ሰኞ ጠቅልሎ እንደሚሄድ ከሰው አፍ ሰማሁ። ጎዞ በጀልባ ግማሽ ሰዓት አይሞላም። ልሽሽ ላለ ሰው ግን ይበቃል።

ስለዚህ ሄልሜቱን ተቀብዬ ራሴ ላይ ደፋሁት። ማሰሪያው አልያዝ አለኝ፤ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ዌንዙ ቀርቦ አገጬ ሥር አሰረልኝ። ጣቱ ቆዳዬን ነካና ቶሎ ሸሸ።

* * *

ሴግዌይ ሲያዩት የልጅ መጫወቻ ይመስላል። ሁለት ጎማ፣ መሃል ላይ መቆሚያ፣ ከፊት እንደ ምርኩዝ የቆመ እጀታ። የሚነዳው የሰው ገላ ነው። ላዩ ላይ የወጣ ሰው ከእግረኛው አንድ ስንዝር ከፍ ስለሚል ከመንገዱ ጫፍ የቆመ ሁሉ ያየዋል። ተደብቆ መሄድ የሚባል ነገር የለም።

«ጉልበትሽን ላላ አድርጊ» አለ ዌንዙ እጀታውን ይዞልኝ። ቢጠላኝም ማስተማር ሥራው ነው። «ወደፊት ዘንበል ስትዪ ይሄዳል። ተረከዝሽን ስትጫኚ ይቆማል። ከፈራሽ ገላሽ ወደ ኋላ ይላል፤ ያን ጊዜ እሱም ወደ ኋላ ይዞሽ ይሸሻል።»

«አንዳንድ ወንዶችን ይመስላል በለኛ።»

«አፍሽን ትተሽ ዘንበል በዪ።»

ዘንበል አልኩ። ማሽኑ ተስፈንጥሮ ሄደ፤ ደንግጬ ተረከዜን ስጫነው ወደ ኋላ ተመለሰና ከኋላ የተከተለኝ ዌንዙ ደረት ላይ ለጠፈኝ። ሆላንዳዊቷ ቆንጆ ትርዒት ያየች ይመስል አጨበጨበች።

«መስኮት ስትዘጊ ግን እጅሽ አልተንቀጠቀጠም» አለኝ በጆሮዬ።

ልመልስለት አፌን ስከፍት ጥሎኝ ወደ ፊት ሄዷል። ደሜ ፈላ። ቁጣዬ ከፍርሃቴ በለጠና ደግ ሆነልኝ፤ ቀጥ ብዬ ነዳሁ።

እንደ ዳክዬ ተከታትለን ወጣን። ዌንዙ ደረቱ ላይ በተሰካች ማይክ ሲናገር የሁሉም ጆሮ ውስጥ ባለው ማዳመጫ ይሰማል። የጥንት የመስቀል ጦር ፈረሰኞች ከተማዋን እንዴት እንደገነቧት በእንግሊዝኛ ተረከ፤ ቤተ መንግሥቱን አሳየ፤ ቀልድም ጣል አደረገ፤ ሆላንዳውያኑ ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። አስጎብኚ ጀማሪውን ከኋላው ነውና የሚያስከትለው ቃሌ ይደርሰው ነበር።

«ከመስኮቱ ኋላ ማን እንደቆመ ጠይቀኸኛል?» አልኩት በቋንቋችን።

«ያንቺ መስኮት ነው» አለ ሳይዞር።

«ስለየትኛው ሕንፃ ነው?» ብሎ ሆላንዳዊው ከኋላ በእንግሊዝኛ ጮኸ።

ዌንዙ ማይኩን መዝጋት ረስቷል። «ስለ ሰገነቶቹ ነው» አለ ቶሎ ብሎ። «በጣም ያረጁ ናቸው።»

«መስኮቱ የእኔ ነው፤ እጁ ግን የአባቴ ነው» አልኩት። «ከኋላዬ መጥቶ በትከሻዬ ላይ ዘረጋውና ዘጋው። ከታች ለቆመ ሰው የሚታየው መስኮቱ ብቻ ነው።»

ማሽኑ ፍጥነቱን ቀነሰ። ትከሻው ወረድ ሲል ከኋላ አየሁት። እኔም ይህን እንደ ተስፋ ቆጠርኩት።

* * *

ከወደቡ በላይ ካለው የአትክልት ቦታ ስንደርስ ሁሉም ወርደው ፎቶ ማንሳት ጀመሩ። ዌንዙ ወደ እኔ መጣ።

«አባትሽ ነው የዘጋው። እሺ፣ አመንኩሽ» አለ። ፊቱ ግን አልተፈታም። «ከዚያስ? እኔ ትራምፔቴን አውርጄ መንገድ መሃል ቆሜ ነበር፣ ተመልሶ ይከፈታል ብዬ። ጓደኞቼ እየገፉኝ አለፉ። ከበሮው ጥጉን እስኪዞር ጠበቅሁ። አልተከፈተም፣ ግራዚየላ።»



«አባቴ ነው እኮ» አልኩ።

«እኔም የምልሽ እሱን ነው። ሁልጊዜ አባትሽ ነው። በሠርጋችንም ቀን፣ ልጅ ስናስጠምቅም ከኋላሽ አንድ እጅ ይኖራል። እኔ ደግሞ ከታች ቆሜ ቀና እንዳልኩ ዕድሜዬን አልጨርስም። አንገቴ ደከመ።»

«ስለዚህ ጎዞ?»

«ጎዞ ውስጥ ማንም አያውቀኝም።»

«ጎዞም እኮ ሁለት ባንድ አለ፣ አንተ ሞኝ!»

ሳቁ አመለጠው፤ ወዲያው አፈነው። ያቺን የታፈነች ሳቅ ሳይ አሁንም የእኔ እንደሆነ አወቅሁ፤ ማወቄ ይበልጥ አስከፋኝ።

«ይቅርታ ልጆቼ» የሚል ድምፅ ከጎናችን መጣ። የሜልቦርኗ አሮጊት ናቸው። የሚናገሩት ጥርት ያለ ማልታኛ ነው፤ አያቶቻችን ይናገሩት የነበረው ዓይነት። «የልጁን ድምፅ በማዳመጫው ስሰማ ነው የመጣሁት። የልጅቷን ግን አልሰማሁም። እስቲ የቀረውን ግማሽ ንገሩኝ።»

ዌንዙ ማይኩን ጎንበስ ብሎ አየና ጆሮው ድረስ ቀላ። «እርስዎ... የእኛ ሰው ነዎት?»

«ጁዛ እባላለሁ። ከዚህ ታች ነው የተወለድኩት። ቀይ ልሁን ሰማያዊ አልነግራችሁም፤ ከማሽኑ ልታወርዱኝ ትችላላችሁ።» ሄልሜታቸውን አስተካከሉ። «እስካሁን ካሳየኸን ሁሉ ይሄ ይበልጣል። አሁን ወዴት ነን? በቀዮቹ መንገድ አይደል?»

«በዚህ ሳምንት በዚያ አናልፍም፣ እማማ። ጥጉ ላይ ታጥፈን በኋላ በኩል እንዞራለን።»

«ለምን?» አልኩት እኔ።

«አምስት ሰማያዊ ሄልሜት ይዤ? አባትሽ ባንዲራ እያሰቀለ? ለሰላም ብዬ ነዋ።»

ለሰላም ብዬ። እኔም ሁለት ዓመት ሙሉ የምለው ይህንኑ ነበር፤ ከእሱ አፍ ስሰማው ግን አስጠላኝ።

* * *

ጥጉ ጋ ስንደርስ ዌንዙ ቀኝ እጁን አነሳና ታጠፈ። እኔ አልታጠፍኩም።

«ግራዚየላ! በዚህ ነው!»

ወደፊት ዘንበል አልኩ።

መንገዳችን ዳር እስከ ዳር በቀይ ባንዲራ ተሸፍኗል። የክበባችን በር ላይ ወንዶቹ ቲማቲምና ዘይት የተቀባ ዳቦ እየገመጡ፣ እየተከራከሩ ቆመዋል። ባንዲራ ሰቃያችን ካርሜኑ መሰላል ጫፍ ላይ ነው። አባቴ ከሥሩ ሆኖ «ወደ ግራ! ግራህን አታውቅም እንዴ?» እያለ ይጮህበታል። እኔ በደረስኩበት ሁሉ ወሬው እየተቆረጠ ሄደ። ካርሜኑ ከላይ መጀመሪያ አየኝ፤ የያዘው ባንዲራ ከእጁ አምልጦ የአባቴ ትከሻ ላይ ወደቀ።

«ቺኩ» አለ ካርሜኑ። «ልጅህ...»

አባቴ ዞረ። መጀመሪያ ያየው ሄልሜቱን ነው፤ ከዚያ ከሥሩ ያለሁትን እኔን።

«ያንን ነገር ከራስሽ ላይ አውልቂ።»

«ብወድቅስ አባዬ?»

አንዱ ሊስቅ ጀመረና ሳቁን ከዳቦው ጋር ዋጠው።

«ውረጂ ነው የምልሽ!»

«አልወርድም። እዚህ ላይ ስሆን ሁላችሁም ታዩኛላችሁ፣ ስለዚህ ከዚሁ ልናገር።» ማሽኑ ከሥሬ ይወዛወዝ ነበር። ድምፄ ግን የራሴ ሆኖ ወጣ። «ቅዳሜ መስኮቴን የዘጋው አባቴ ነው። ያን ዕለት ዝም አልኩ። ዛሬ ዝም አልልም። የሰማያዊዎቹን ዌንዙን እወደዋለሁ፤ ሁለት ዓመቴ ነው። በሐሜት ከምትሰሙት ከአፌ ስሙት።»

ከወደቡ የመርከብ ጩኸት ተሰማ።

«በንግሥ ሳምንት» አለ አባቴ ዝቅ ባለ ድምፅ። ቁጣው ሲብስ ድምፁ የሚቀንስ ሰው ነው። «በሰው ፊት። እናትሽ ይህን ሳታይ መሞቷ በጃት።»

እዚህ ላይ ልወድቅ ነበር።

«እናቴን አትጥራብኝ» አልኩት። «እናቴ ብትኖር ከሁላችሁ ቀድማ ታውቅ ነበር። እሷን አልደብቃትም ነበር።»

ከኋላዬ የጎማ ድምፅ ተሰማ። ወንዶቹ ማፏጨት ጀመሩ። ዌንዙ ቀድሞ፣ እማማ ጁዛ ተከትለው፣ ሆላንዳውያኑ ጭራ ሆነው በቀዩ መንገድ መሃል መጡ። ሆላንዳዊው የበዓሉ ሥርዓት መስሎት ለሁሉም እጁን እያወዛወዘ ሰላምታ ይሰጣል። ዌንዙ አጠገቤ ቆመና ሄልሜቱን አውልቆ ብብቱ ሥር ያዘው። በተወለደባት ከተማ በንግሥ ሳምንት እዚህ መንገድ ላይ ቆሞ አያውቅም። ከንፈሩ ደርቋል።

«እንደምን አደሩ አቶ ቺኩ» አለ። «ልጅዎን እወዳታለሁ። ሰኞ ወደ ጎዞ ልሸሽ ነበር፤ አልሄድም። አሁንም በኋላ በኩል ልዞር ነበር፤ የእሷ ድፍረት አሳፈረኝ።»

አባቴ ዌንዙን እንደ አየር አልፎ እኔን ብቻ ያያል።

«ቺኩ» አለ ካርሜኑ ከመሰላሉ፣ ቀስ ብሎ፣ «እሑድ አንደኛ ክላርኔቱን ማን ሊነፋልን ነው?»

«አንተ ዝም በል!»

«እኔ ነኝ የምነፋው» አልኩ። «እሑድ ቀይ ለብሼ ከባንዴ ጋር እነፋለሁ፤ አንድም ኖታ አልስትም። ሲያልቅ የእሱን እጅ ይዤ ወደ ቤታችን እገባለሁ፤ በፊት በር። አትገቢም የምትል ከሆነ አሁን በለኝ፣ ሰዉ ይስማ።»

አባቴ ቀስ ብሎ ጀርባውን ሰጠኝ። ለሰማያዊዎቹ እንጂ ለራስ ሰው የማይሰጥ ጀርባ ነው። ከእሱ ቀጥሎ ገንዘብ ያዣችን ዞረ፣ ከዚያ ከበሮ መቺዎቹ፣ ከዚያ በሕፃንነቴ ያቀፉኝ ሽማግሌዎች፣ አንድ በአንድ። ካርሜኑ መሰላል ላይ መዞር ስላልቻለ ዓይኑን ጨፈነ።

አንዲት ልጅ የአባቷን ጀርባ እንዲህ ስታየው ምን እንደሚሰማት የምነግራችሁ ቃል አጥቻለሁ። የንግሡን ርችት ያየሁት እዚያ ትከሻ ላይ ተቀምጬ፣ ፀጉሩን ጨብጬ ነው። የሸሚዙ ኮሌታ ተጣጥፎ ነበር። ወርጄ ላስተካክልለት ፈለግሁ። ግን ብወርድ አበቃልኝ።

«አባዬ» አልኩት።

ትከሻው ነቅነቅ አለ። አልዞረም።

«ወይ እኔ ወይ እሱ ነው» አለ ለግድግዳው። «ምረጪ።»

ዌንዙ አላየኝም፤ ሊያባብለኝም ሊያስፈራራኝም አልፈለገም። በዚያች ቅጽበት ከመቼውም በላይ ወደድኩት።

«አልመርጥም» አልኩ። «አንተ አባቴ ነህ፤ እሱ ደግሞ የእኔ ሰው ነው። አንዳችሁንም አልተውም። መምረጥ ያማረው ሰው ካለ ራሱ ይምረጥ። በሩን ብትዘጋብኝ ደጁ ላይ ቁጭ ብዬ እጠብቅሃለሁ፤ ግትርነቱን ከማን እንደወረስኩት አንተ ታውቃለህ።»

መልስ እስኪመጣ አልቆምኩም። እንባዬ መጣ፤ ይምጣ አልኩ፣ ሄልሜት እንጂ መሸፈኛ አላደረግሁም። በዞሩት ጀርባዎች መካከል፣ በቀዩ መንገድ ልክ መሃል፣ ሳልቸኩል ነዳሁ። ዌንዙ ከጎኔ ነበር። እጄን ወደ እሱ ዘረጋሁና ጣቶቹን ጥርቅም አድርጌ ያዝኩ።

«በአንድ እጅ መንዳት ክልክል ነው» አለኝ፤ ድምፁ ተሰባብሯል።

«አውቃለሁ» አልኩት።